ጥያቄና መልስ፦ በከርነል ኮድ ውስጥ የሜሞሪ መጠን ማስላት

ስለ ሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው፤ ሜሞሪ ስንጠይቅ መጠኑን እንዴት እናስላ? ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአባላቱን ብዛት በአንዱ መጠን አባዝቼ ለኬማሎክ (kmalloc፣ ከርነሉ ውስጥ ሜሞሪ የሚሰጠው ተግባር) ብሰጠው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ብዜቱ ሞልቶ ሲፈስ ማንም አይነግርህም። በ32 ቢት እናስላው። እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሆኑ 268,435,457 አባላት ጠየቅህ እንበል። ብዜቱ 4,294,967,312 ይመጣል፤ 32 ቢት የሚይዘው ግን እስከ 4,294,967,295 ብቻ ስለሆነ ዞሮ 16 ላይ ያርፋል። ኬማሎክ 16 ባይት ሰጥቶ ይሸኝሃል፣ ኮድህ ደግሞ ሁሉንም አባላት ሊጽፍበት ይነሳል። ከጎን ያለው የከርነል ሜሞሪ ተበላሸ ማለት ነው። ኬማሎክ_አሬይ (kmalloc_array) ግን ብዛቱንና መጠኑን ለየብቻ ይቀበላል፣ ብዜቱ ከሞላ ነል (NULL፣ የትም የማይጠቁም ባዶ ፖይንተር) ይመልሳል። በዜሮ የተሞላ ከፈለግህ ኬካሎክ (kcalloc) አለልህ።

ጥያቄ፦ የኔ ማሽን 64 ቢት ነው፤ ይመለከተኛል?

መልስ፦ እንዴታ! ስፋት በቁመት ስታባዛ ሁለቱም 32 ቢት ከሆኑ የሲ (C) ቋንቋ የሚያባዛው በ32 ቢት ነው። ወደ 64 የሚያሰፋው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ላይ ርዝመቱ ያልተወሰነ አሬይ (የተደረደሩ አባላት) ያለው ስትራክትስ (የተለያዩ ዳታዎችን አንድ ላይ የሚይዝ መዋቅር)?

መልስ፦ ከከርነል 4.18 (2018) ጀምሮ መጠኑን የሚያሰላ ስትራክት_ሳይዝ (struct_size) አለ። ስሌቱ ከሞላ ወደ ትንሽ ቁጥር አይዞርም፣ ሳይዝ_ማክስ (SIZE_MAX፣ ለመጠን የሚቻለው ትልቁ ቁጥር) ላይ ይቆማል፤ ያን ያህል ሜሞሪ ስለማይገኝ ጥያቄው ይከሽፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ውጤቱ ላይ በተራ መደመር 16 ይጨምርበታል። ሳይዝ_ማክስ ሲደመር 16 ስንት ነው? 15! ጥበቃው በአንዲት የመደመር ምልክት ፈረሰ። ሳይዝ_አድ (size_add፣ ሲሞላ ሳይዝ_ማክስ ላይ የሚቆም መደመር) የተሠራው ለዚህ ነው። ውጤቱን 16 ቢት ተለዋዋጭ ውስጥ ብታስቀምጠውም ያው ነው፤ ወደ 65,535 ይቆረጥና ኬማሎክ ሳያንገራግር ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ የድሮ ኮድ ላይ አሬዩ ባለ አንድ አባል ተብሎ ታውጇል፣ ስሌቱም «ብዛት ሲቀነስ 1» ይላል። ርዝመቱ ወዳልተወሰነው ልቀይረው?

መልስ፦ ቀይረው። «ሲቀነስ 1»ን አብረህ ካላጠፋህ ግን የአንድ አባል ቦታ ይጎድልሃል።

ጥያቄ፦ ዜሮ ባይት ብጠይቅስ?

መልስ፦ ነል አይደለም የሚመለሰው፣ ዋጋው 16 የሆነ ልዩ ፖይንተር ነው። ኬፍሪ (kfree፣ ሜሞሪውን የሚያስለቅቀው ተግባር) ይቀበለዋል፤ ልታነብበት ከሞከርክ ግን ከርነሉ ይጮህብሃል።

ጥያቄ፦ እነዚህን ከተጠቀምኩ ሌላ ገደብ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግሃል። ከ64 አባላት በላይ የማትጠብቅ ከሆነ 65 ሲመጣ ገና ከበሩ መልሰው። ብዛቱንም ከተጠቃሚው ሜሞሪ ሁለቴ አታንብብ፤ መርምረህ እስክትመለስ ሌላ ክር (thread፣ ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ሊቀይረው ይችላል። አንዴ ቅዳና በቅጂው ሥራ።