መካን ወንድ የቆላ ዝንብን ከቀነሰ፣ አረንጓዴውን ትኋን ስለምን አይቀንስም?

ጥያቄው የደረሰን በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ቲማቲምና ቦሎቄ ከሚያመርቱ አርሶ አደር ነው። «ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስ ወንዶቹን በጨረር አምክነው ይለቁ ነበር። ማሳዬን የወረረው፣ ሲነኩት የሚገማው አረንጓዴ ትኋንስ ለምን እንዲሁ አይደረግም? ጥንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተጣብቀው ይውላሉ፤ ወንዶቹን እየለየሁ ብገድል ዘሩ ይቋረጣል ወይ?» ይላሉ።

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ለጥያቄዎ መልስ ለመስጠት ወደ ወንዱ ትኋን ሆድ ውስጥ መግባት ግድ ይለናል። በሳይንሳዊ ስሙ ነዛራ ቪሪዱላ የሚባለው ይህ ነፍሳት በ1758 የተሰየመ ሲሆን፣ መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ እንደሆነ ስለሚታመን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም።

ወንዱ በሆዱ ውስጥ ጥንድ የዘር ፍሬ አለው። በዚህ የትኋን ቤተሰብ እያንዳንዱ ፍሬ ጎን ለጎን የተደረደሩና እንደ ዝርያው ከ4 እስከ 7 የሚደርሱ ቱቦ መሰል ክፍሎችን ይዞ በአንድ ሽፋን ይጠቀለላል፤ ሽፋኑ በብዙ ዝርያዎች ቀይ ወይም ብርቱካናማ በመሆኑ፣ ትኋኑን በማጉያ መነጽር ሥር ለሚከፍት ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው እርሱ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ጫፍ ላይ ያልበሰሉ የዘር ሕዋሶች ይገኛሉ፤ ወደ መውጫው በቀረቡ ቁጥር እየበሰሉ ይሄዳሉ። ሕዋሶቹ በስስ ሽፋን በተከበቡ ከረጢቶች ውስጥ በቡድን ስለሚኖሩ፣ የአንድ ከረጢት ሕዋሶች በአንድ ቀን እንደተዘራ ጤፍ እኩል ይከፈላሉ፣ እኩልም ይደርሳሉ።

የዚህ ትኋን አንድ ሕዋስ 14 ክሮሞሶሞች፣ ማለትም የዘር ባሕርይ የሚሸከሙ ክሮች፣ አሉት፤ ሚዮሲስ በሚባለው አከፋፈል ከአንድ ሕዋስ አራት ይወጣሉ፣ እያንዳንዱም 7 ክሮሞሶሞችን ይይዛል። ከዚያ ክብ የነበረው ሕዋስ እየተመዘዘ እንደ ክር ይረዝማል፤ ኃይል ሰጪዎቹ ማይቶኮንድሪያ መጀመሪያ አንድ ላይ ተድቦልቡለው፣ በኋላ ለሁለት ተከፍለው በጭራው ርዝመት ይዘረጋሉ። በአንዳንድ የቤተሰቡ ዝርያዎች የሚታየው ደግሞ እኔን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል፤ ከክፍሎቹ አንዱ ክሮሞሶሞችን እኩል ሳያካፍል ቁጥሩ የተዛባ ዘር ያመርታል፣ ተመራማሪዎችም ይህን ክፍል «ሃርለኲን ሎብ» ብለው ሰይመውታል።

ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜው ነው። ዘር ማምረቱ የሚጀመረው ትኋኑ ክንፍ ካወጣ በኋላ ሳይሆን ገና በልጅነት ደረጃው ነው። ተጣብቀው ያዩዋቸው ጥንዶች ከሰዓታት እስከ ቀናት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሴቷም የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ባለ ልዩ ከረጢት አኑራ ለተከታታይ እንቁላሎች ትጠቀምበታለች። ስለዚህ ወንዱን ከላይዋ ላይ አንስተው ቢገድሉት እንኳ እርሷ ፍሬያማ እንቁላል ትጥላለች። የተረፈው አንድ ወንድም ብዙ ሴቶችን ስለሚደርስ፣ ወንዶችን ብቻ መልቀም ድካሙን አያካክስም።

ወደ ጨረሩ ስንመጣ፣ የቆላ ዝንብ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ ሲሆን፣ የምትወልደውም አንድ በአንድ፣ በዕድሜዋም ጥቂት ነው፤ መካን ወንድ ከደረሳት የመውለድ ዕድሏ ተዘጋ ማለት ይቻላል። ሴት ትኋን ግን ደጋግማ ትገናኛለች፣ በአንድ ጊዜም በአሥሮች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ደርድራ ትጥላለች። የትኋን ክሮሞሶም ባሕርይም የተለየ ነው፤ ሕዋሱ ሲከፈል የሚጎተትበት ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ሳይወሰን በርዝመቱ ሁሉ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ጨረር የሰባበረው ቁራጭ ሳይጠፋ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ይህ በውጭ አገር ተመራማሪዎች ዘንድ ጨርሶ ሳይመክን በልጆቹ ላይ መካንነትን የሚያወርስ ወንድ የማዘጋጀት ሐሳብ አስነሥቷል። ሆኖም ለገበሬ አንድ ችግር ይቀራል፤ የተለቀቀው መካን ትኋንም አፉን በቲማቲምዎ ውስጥ ሰክቶ ይመጥጣል፣ በልጣጩ ሥርም ያንኑ ነጣ ያለ፣ ስፖንጅ የመሰለ ነጠብጣብ ይተዋል።

ስለዚህ ጉልበትዎን በእንቁላሉ ላይ ያውሉት። በየሁለትና ሦስት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ ይፈትሹ፤ በሞቃት ወቅት እንቁላሉ በ5 ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል ከዚያ በላይ መዘግየት አይገባም። የተፈለፈሉት ልጆች በመጀመሪያው ደረጃቸው ሰብል ሳይመገቡ በእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ተከማችተው ይቆያሉ፤ ያን ጊዜ ቅጠሉን ቆርጦ የሳሙና ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ መክተት ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው። ክንፍ ያወጡትን ደግሞ ማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቃቸው፣ በዚያው ባልዲ ላይ ያራግፏቸው። ከማሳው ዳር ያለውን አረም ሰብሉ ፍሬ ከመያዙ በፊት ያስወግዱ፤ ሰብሉ ፍሬ ከያዘ በኋላ አረሙ ቢታጨድ ግን ትኋኑ ወደ ቦሎቄው ይሸሻል። ኬሚካል ካስፈለገ ከቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ጋር ሳይመክሩ አይርጩ፤ ምክንያቱም ርጭቱ የትኋኑን እንቁላል የሚያጠፉ ጥቃቅን ተርቦችንም ሊገድል ይችላል። ጤነኛው እንቁላል መጀመሪያ ነጣ ብሎ ሊፈለፈል ሲቃረብ የሚቀላ ሲሆን፣ የጠቆረ እንቁላል ካገኙ ውስጡ እነዚሁ ተርቦች ያደጉበት ሊሆን ይችላልና እርሱን ሳይነኩ እዚያው ይተዉት።