«ራስሽ ጻፊውና ልፈርምልሽ» ለተባልሽው

«ለአሜሪካ ሬዚደንሲ፣ ለስፔሻሊቲ ሥልጠናው፣ ላመለክት ነው። ሲኒየሬ የድጋፍ ደብዳቤውን ራስሽ ጻፊና አምጪው፣ እፈርምልሻለሁ አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?» ላልሽው እህቴ።

እኔም እዚሁ ባህር ዳር ኢንተርን ሳለሁ እንዲሁ ተብያለሁ። ደስም ብሎኝ ነበር። ማታውኑ ቁጭ ብዬ «ትጉህ፣ ትሁት፣ ሰዓት አክባሪ» እያልኩ ራሴን ካብኩት። ተፈረመበት፣ ማህተምም አረፈበት። አሁን ሳነበው ስለ እኔ አንድም ነገር አይናገርም። ስሜን አውጥተሽ የማንንም ብታስገቢበት ይሆናል።

ሌላም ጣጣ አለው። ኢራስ ላይ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት በሚላክበት ሥርዓት፣ ስታመለክቺ ደብዳቤውን የማየት መብትሽን ትተዪ እንደሆነ ትጠየቂያለሽ። መተዉ ይሻላል፤ አመልካቹ ያላየው ደብዳቤ ይበልጥ ይታመናል። ታዲያ በእጅሽ የጻፍሽውን አላየሁም ልትዪ ነው?

ስለዚህ ረቂቅ ሳይሆን ማስታወሻ ውሰጂላቸው። አንድ ገጽ ይበቃል። በየትኛው ሮቴሽን፣ ከመቼ እስከ መቼ አብራችሁ እንደሠራችሁ፣ በምን ዘርፍ እንደምታመለክቺ ጻፊ። ሲቪሽን አያይዢ። ዋናው ግን ሁለት ሦስት በሽተኞችን ማስታወስ ነው፣ ስማቸውን ሳትጠሪ። በዓመት ስንት ኢንተርን ያልፍባቸዋል፤ ቢረሱ አይፈረድባቸውም።

እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቅ አንድ ወጣት አስታወስኳቸው። ትኩሳቱ ሳምንታት አልፎታል፣ ጣፊያው አብጧል፣ ወባ ነው እየተባለ ደጋግሞ መድኃኒት ወስዷል። «ዘንድሮ ለሥራ የት ሄደህ ነበር?» አልኩት። መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። እዚህ ዋርድ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ ሐኪም ይወቀሳል። አሜሪካ ላለ አንባቢ ግን መተማ ምኑም አይደለም። በሽታው በአሸዋ ዝንብ እንደሚተላለፍና ከደጋ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ የሚወርደውን ሰው እንደሚያጠቃ አንድ መስመር ካልተጨመረበት ጥያቄዋ ተራ ትመስላለች። እኔ ያንን መስመር ማስታወሻው ላይ ጨመርኩላቸው።

ደግሞ መጀመሪያ «ጠንካራ ደብዳቤ ይጽፉልኛል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው። ካመነቱ ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ አመስግነሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ስምሽን በቅጡ የማያውቅ ትልቅ ፕሮፌሰር፣ አብሮሽ ያደረ ስፔሻሊስትን አያክልም። ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 ደብዳቤ መላክ ይቻላል። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ አብሮሽ የሠራ ሐኪም ካለ የእሱም ይኑርበት።

ደብዳቤውን ኢራስ ላይ የሚጭኑት ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው፤ አንቺ መለያ ቁጥር ያለበትን መጠየቂያ ቅጽ ብቻ ትሰጫቸዋለሽ። ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በእኛ መስከረም አጋማሽ ገደማ ስለሆነ ሰኔ ላይ ጠይቂ። እኔ የነቃሁት ጳጉሜ ላይ ነው። ሰውዬው ኢሜይላቸውን አይከፍቱም ነበር። ከዲዩቲ ሲወጡ ጠብቄ ሐይቁ ዳር ካፌ ወሰድኳቸው፣ ኢንተርኔት ከስልኬ አጋራኋቸው። እሳቸው እስኪጭኑ እኔ ፊቴን ወደ ጣና አዙሬ ታንኳ ስቆጥር ነበር።