ትራስ ሥር የተውኩት ገንዘብ ተከትሎኝ መጣ

ጥያቄ፦ በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ የምኖር ነርስ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት የአራት ቀን ዕረፍት ሳገኝ ምንም ሳላቅድ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጬ ፓሙካሌ የሚባለውን ነጭ የፍል ውኃ ተራራ ለማየት ወደ ቱርክ ሄድኩ። በማግስቱ እግሬ ወደመራኝ ልሂድ ብዬ ከደኒዝሊ ከተማ ዶልሙሽ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አንድ የገጠር መንደር ወጣሁ፤ ልመለስ ስል ግን የመጨረሻው መኪና አምልጦኝ ነበር። ቋንቋቸውን ሳልችል፣ መሽቶብኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። ራት አበሉኝ፤ አልጋቸውንም ለእኔ ለቀው እሳቸው ከትንሹ ልጃቸው ጋር መሬት አንጥፈው አደሩ። ሲነጋ 50 ዩሮ ትራስ ሥር ትቼ ወጣሁ። መኪናው ሊነሣ ሲል ልጃቸው እየሮጠ መጥቶ አንድ ከረጢት ዘቢብ ሰጠኝ፤ ከተማ ደርሼ ስከፍተው ገንዘቡ ተጣጥፎ ከውስጡ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ኅሊናዬ አላረፈም። ነውር ሠርቼ ይሆን? ውለታቸውንስ በምን ልመልስ? እኅቴ ደግሞ እንዲህ ድንገት ብድግ ብሎ መጓዝ እብደት ነው ትለኛለች።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀይመዋቸው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ብቻውን በተመለሰ ነበር። እናቲቱ በዘቢብ ሸፍነው መላካቸው እርስዎን ላለማሳፈር መጠንቀቃቸውን፣ ነገር ግን አልጋቸው የሚከራይ አለመሆኑን እንዲያውቁላቸው መፈለጋቸውን ያሳያል።

ቱርኮች ሳይጠራና ሳይጠበቅ ከደጃቸው የደረሰን መንገደኛ «ታንሪ ሚሳፊሪ» ይሉታል፤ ፍቺው «የእግዜር እንግዳ» ነው። በእኛ ገጠር የመሸበት ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ የሚያስገባበትና እግሩን የሚያጥብበት ልማድ በዚያም አገር፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሃይማኖት አምሳያ አለው። «እንግዳ ዐሥር ሲሳይ ይዞ ይመጣል፤ አንዱን በልቶ ዘጠኙን ትቶ ይሄዳል» የሚል አባባልም አላቸው። ይህ በሚታመንበት ቤት ትራስ ሥር የተገኘ ገንዘብ ዘጠኙን ሲሳይ የተወውን እንግዳ ሒሳቡን ወደ ዘጋ ደንበኛ ይለውጠዋል።

ያደሩበት አካባቢ በዚህ ረገድ የቆየ ታሪክ አለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሞሮኮው ተወላጅ ተጓዥ ኢብን ባቱታ ከጓደኞቹ ጋር በደኒዝሊ ገበያ ሲያልፍ ሰዎች ከየሱቃቸው ወጥተው የፈረሶቻቸውን ልጓም ያዙ፤ ሌሎችም መጥተው ከእነዚህ ጋር ተጣሉ፤ ጠቡም ቢላዋ እስከ መማዘዝ ደረሰ። መንገደኞቹ ወንበዴ የከበባቸው መስሏቸው ሲጨነቁ ዐረብኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቦ እንዳስረዳቸው፣ የሚጣሉት «አኺ» የሚባሉ የሁለት ወንድማማች ማኅበራት አባላት ሲሆኑ፣ ጠባቸውም እንግዶቹን እኛ እንቀበል፣ እኛ እንቀበል በሚል ነበር። በመጨረሻም ዕጣ ተጣጣሉ፤ እንግዶቹም በመጀመሪያ በአንደኛው፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ማኅበር ቤት ተስተናገዱ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ሌላው ነገር ነው፦ የአኺ አባላት በአብዛኛው የእጅ ሙያተኞች ነበሩ፤ ቀን ሠርተው ያገኙትንም ማታ አዋጥተው ለመንገደኛው ራት ያውሉት ነበር። አልጋቸውን ለቀው መሬት ያደሩት እናት የዚያው ወግ ወራሽ ናቸው።

እኅትዎ የሚሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም ድንገት መጓዝና ሳይናገሩ መጥፋት አንድ አይደሉም። የሚሄዱበትን መንደር ስም ለአንድ ሰው በስልክ ይላኩ፤ የመጨረሻው ዶልሙሽ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ሳይጠይቁ አይሳፈሩ። በቱርክ ገጠር መሽቶብዎት የሚጠጉበት ካጡ ሙህታር የሚሉትን የመንደሩን ሹም ያስጠሩ፤ ለአደጋ ጊዜ የሚደወልበት ቁጥር 112 ነው። ከሚያታልል ሰውም ይጠንቀቁ፤ በኢስታንቡል የታክሲም ሠፈር መንገድ ላይ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ወደሚያውቀው መጠጥ ቤት የሚወስድና ከዚያ የማይቀመስ ሒሳብ የሚያስከፍል አለ። ያሳደሩዎት እናት መኪና አምልጦዎት ቆመው ሳሉ አግኝተው ልጃቸው ወዳለበት ቤት ወሰዱዎት፤ አታላዩ ግን ችግር ሳይኖርብዎት ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

ወደ ውለታው ልመለስ። ቱርኮች ከጎረቤት ምግብ የመጣበትን ሳህን ባዶውን አይመልሱም፤ የዘቢቡ ከረጢት አሁን በእርስዎ እጅ ነው። እኔ ብሆን ጋቢ እልክላቸው ነበር፤ ደኒዝሊ ኢብን ባቱታ በዘመኑ የጥጥ ጨርቆቿን ያደነቀላት፣ ዛሬም በፎጣና በጨርቃ ጨርቅ ሥራዋ የታወቀች ከተማ ስለሆነች፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ምን ያህል ድካም እንዳለበት ለዚያ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአገርዎን ቡና ቢጨምሩበት ደግሞ «የአንድ ስኒ ቡና ውለታ አርባ ዓመት ይታወሳል» የሚሉ ሰዎች ናቸውና ትርጉሙ አይጠፋቸውም። ደብዳቤውን በቱርክኛ ያስጽፉ፤ ከ1961 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኞች ስምምነት ወዲህ ብዙ ቱርኮች በሚኖሩበት በጀርመን የሚተባበርዎ ሰው አይጠፋም። ለልጁም ገንዘብ መስጠት ከፈለጉ ባይራም የሚሉት የዒድ በዓል እስኪደርስ ይጠብቁ፤ በዚያን ዕለት ልጆች የታላላቆችን እጅ ስመው ገንዘብ መቀበላቸው ወጉ ነው። ለአሁኑ ግን ከዘቢቡ ውስጥ ያገኙትን 50 ዩሮ ለጥቅሉ የፖስታ ቤት ክፍያ ያውሉት።