ቀላል የአሸዋ መዛቂያ ስትመርጥ ባዶውን አትመዝነው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ባሕር ዳርቻ ላይ በሜታል ዲቴክተር (ብረት ጠቋሚ መሣሪያ) የጠፋ ወርቅና ሳንቲም ስትፈልግ የምትይዘው የአሸዋ መዛቂያ፣ ማለት ባለ ቀዳዳው ቅርጫት ከነእጀታው፣ ትከሻህን እየጎዳው ነው። ቀለል ያለ ገዝተህ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወዲያው ተጣመመ። አሁን ታይታኒየም ያዋጣል ወይስ ስቴንለስ ስቲል ይበቃኛል ብለህ ነው የጠየቅከው። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ስለሠራሁት ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አስብ። ቀኑን ሙሉ የምታነሳው አሸዋ ነው። እርጥብ አሸዋ አንዱ ሊትር ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። 3 ሊትር የሚይዝ ቅርጫት ሞልተህ ስታነሳ 6 ኪሎ ገደማ ተሸከምክ ማለት ነው፤ የመዛቂያው ክብደት ሳይቆጠር። ከስቴንለስ ወደ ታይታኒየም ብትቀይር የሚቀንስልህ ክብደት ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ቅርጫቱን ከ3 ሊትር ወደ 2 ሊትር ብታወርደው ግን በእያንዳንዱ ዛቅታ 2 ኪሎ ይቀንስልሃል። ስለዚህ ትከሻው የሚያመው ሰው መጀመሪያ የቅርጫቱን መጠን ይይ። ትልቅ ቅርጫት ቶሎ ያስጨርሳል የሚሉ አሉ። ጉልበት ላለው ሰው እውነት ነው። ላንተ ግን አልመክርህም።

ሁለተኛው ነገር አሸዋው ምን ያህል ቶሎ ይወርዳል የሚለው ነው። ደረቅ አሸዋ በየትኛውም ቀዳዳ ይወርዳል። ውሃ ውስጥ ከገባህ ደግሞ መዛቂያውን ነቅነቅ ስታደርገው ውሃው ራሱ አጥቦ ያወርደዋል። አስቸጋሪው መሃል ያለው ነው፤ ሞገዱ መጥቶ የሚመለስበት እርጥብ አሸዋ። እዚያ አሸዋው ቅርጫቱ ውስጥ ይጋገራል። ለማውረድ ስትንጠው ነው ትከሻህ የሚያልቀው። እዚያ ቦታ ማጥለሉን ተወው። አንስተህ ጎን ላይ ድፋው፣ በእግርህ በተን አድርገው፣ የዲቴክተሩን ኮይል (ከታች ያለውን መፈለጊያ ክፍል) አሳልፍበት። ክምሩ ላይ ከጮኸ እዚያ ፈልግ፤ ካልጮኸ ጉድጓዱን እንደገና ፈትሸው። ይህን ልማድ ብቻ ብትይዝ ልዩነቱ ይገባሃል። (ስትጨርስ ጉድጓዱን መልሰህ ድፈነው እንጂ! ማታ ላይ በዚያ የሚሮጥ ሰው እግሩን ይሰብራል።)

የቀዳዳው ስፋት ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው። 10 ሚሊሜትሩ አሸዋውንም የተሰባበረ ዛጎሉንም ቶሎ ይጥላል፣ ውሃ ውስጥ ስትጎትተውም አይከብድም። ቀለበትና አብዛኛው ሳንቲም በዚያ አያልፍም። ትንሽ ጉትቻና ቀጭን ሀብል ግን ያመልጣል። አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ወደ 7 እና 8 ሚሊሜትር ውረድ። ጠጠርና ዛጎል የበዛበት ከሆነ ሰፊውን ውሰድ፤ አለዚያ ቅርጫቱ ድንጋይ ማጠራቀሚያ ይሆንብሃል። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያላቸው ጥሩ ናቸው፤ በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው ብረት ስስ ስለሆነ ብዙ ክፍት ቦታ ይገኛል። ግን ቀዳዳው እስከ ስለቱ ጫፍ ድረስ የተበሳ ከሆነ አትግዛው። ከስለቱ በላይ ያልተበሳ ሙሉ ላሜራ መኖር አለበት። ያለ እሱ ጫፉ ቶሎ ይጣመማል፤ ምናልባት የመጀመሪያው መዛቂያህ ላይ የደረሰውም ይኸው ይሆናል።

ስለ ብረቱ እንነጋገር። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አልሙኒየም 2.7 ግራም፣ ታይታኒየም 4.5 ግራም፣ ስቴንለስ ወደ 8 ግራም ይመዝናል። በቁጥር ብቻ ካየኸው አልሙኒየም ያሸንፋል። ግን ለስላሳ ነው። የአሸዋው ኳርትዝ ስለቱን እየሞረደ ይበላዋል። ከዚያ በላይ የሚያስከፋው ደግሞ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከስቴንለስ ብሎን ጋር ሲገናኝ በብሎኑ ዙሪያ እየተበላ ነጭ ዱቄት ማውጣቱ ነው። ለደረቅ አሸዋ፣ ለአጭር የእጅ መዛቂያ ይሆናል። ለባሕር ውሃ አይሆንም።

ለደረቅ አሸዋ ብቻ ከሆነ እንዲያውም ፕላስቲክን አትናቅ። ብሎን እስከሌለው ድረስ አሸዋውን እንደያዘ ኮይሉ ላይ አሳልፈህ ዕቃው ውስጡ መኖሩን ማወቅ ትችላለህ። በብረት መዛቂያ ይህ አይሞከርም፤ ራሱ መዛቂያው ያስጮኸዋል።

ስቴንለስ ስትገዛ 304 ነው ወይስ 316 ብለህ ጠይቅ፤ የስቴንለስ ዓይነት መለያ ቁጥሮች ናቸው። 316 ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት አለ፤ የባሕር ጨው ብረቱን በነጥብ በነጥብ እየቦረቦረ እንዳይበላው የሚከላከለው እሱ ነው። 304ም በደንብ ካጠብከው ብዙ ያገለግልሃል። የብየዳው ዙሪያ ጠቁሮ ወይም ቀለሙ ተቀይሮ ሳይጸዳ የቀረ ከሆነ ግን ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የላሜራው ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ለአሸዋ ይበቃል። ጠጠር ካለ 2 ይሁን፣ ስለቱ ላይ ደግሞ ከዚያም ወፍራም ቢሆን ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ወርቅ ከአሸዋ በሰባት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ እየሰመጠ ሄዶ ጠንካራ ንጣፍ ላይ ነው የሚያርፈው። ጭቃ፣ ጠጠር፣ የታመቀ ዛጎል ላይ። ጥሩ ነገር ያለበት ቦታ መዛቂያውን ክፉኛ የሚፈትን ቦታ ነው።

ታይታኒየም በባሕር ውሃ አይዝግም። በተመሳሳይ መጠን ከስቴንለስ በትንሹ ከግማሽ በላይ ነው የሚመዝነው። የሚያሰጋው ብየዳው ነው። ታይታኒየም ሲበየድ አርጎን ጋዝ በደንብ ካልሸፈነው አየር ይገባበትና ይሰባበራል። ስለዚህ ብየዳውን ቀርበህ እየው። ብርማ ወይም ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለም ከሆነ መልካም። ሰማያዊ ከሆነ ተጠራጠር። ግራጫ ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘ ተወው። ሻጩ ከፈጨውና ካለሰለሰው ደግሞ ያልተፈጨ ፎቶ እንዲልክልህ ጠይቅ።

የትኛውም ብረት ይሁን፣ የሚሰበርበት ቦታ አንድ ነው፤ እጀታው ከቅርጫቱ ጋር የሚገናኝበት። አንድ ሜትር እጀታ ይዘህ ወደ ኋላ ስትፈነቅል ኃይሉ በሙሉ እዚያ ያርፋል። እጀታው ቅርጫቱን በሁለት ቦታ የያዘ፣ ከኋላና ከላይ፣ መሃሉ ላይም ደጋፊ ያለው መሆን አለበት። በአንድ ነጥብ ብቻ የተበየደ ከሆነ ምንም ቢያምር ይቅርብህ። ከኋላው ሰፊ የእግር መርገጫ ይኑረው። በእግርህ ተጭነህ ካስገባኸው ትከሻህ ያርፋል።

እጀታው ላይ ደግሞ አትቆጥብ። ቆመህ መዛቂያውን መሬት ላይ ስታቆመው ጫፉ በወገብህና በደረትህ መካከል ይድረስ። አጭር ከሆነ ጎንበስ ቀና ስትል ትውላለህ፣ ያኔ ወገብህም ይጨመርበታል። ካርቦን ፋይበር በጣም ቀላል ነው፣ ሲጎብጥም ይችላል። በብሎን ሲጨመቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብሎኑ የሚያልፍበት ቦታ ቱቦው ውስጥ መሙያ ሊኖረው ይገባል። አልሙኒየም ከካርቦን ጋር አታገናኝ፤ በጨው ውሃ አልሙኒየሙ ቶሎ ይበላል። የእንጨት እጀታም መጥፎ አይደለም። ከበድ ይላል፣ ግን ቢሰበር በቀላሉ ትቀይረዋለህ።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ወደ 2 ሊትር የሚይዝ የስቴንለስ ቅርጫት ከካርቦን እጀታ ጋር እወስዳለሁ። ክብደቱ ታች ሲሆን መዛቂያው ራሱ ወደ አሸዋው ይገባል፣ ሞገዱም በቀላሉ አይገፋውም። የላይኛው ግማሽ ሲቀል ደግሞ ለመያዝ ምቹ ነው። ታይታኒየም የሚያዋጣው ሩቅ መንገድ ተሸክመህ የምትሄድና ደረቁንም እርጥቡንም ለሰዓታት የምትቆፍር ከሆነ ነው። የትኛውንም ብትገዛ በንጹሕ ውሃ እጠበው፣ አልፎ አልፎም ብሎኖቹን ፍታ። ጨውና አሸዋ መጋጠሚያው ውስጥ ከደረቀ በኋላ እጀታውን ማውጣት ከባድ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ትገባለህ ወይስ ዳር ላይ ነህ? የአሸዋውንም ዓይነት ብትጽፍልኝ ስለ ቀዳዳው ስፋት ቁርጥ ያለ መልስ እሰጥሃለሁ።