የ2016ቱን ሰባተኛ ጨዋታ ስታት ለጠየቅከው ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን 93 ለ 89 ያሸነፈበትን የፍጻሜውን ሰባተኛ ጨዋታ የተጫዋቾች ስታት (ቁጥር) ፈልገህ አጥተኸዋል። ጓደኛህ ደግሞ «የጎልደን ስቴቱ ድሬይመንድ ግሪን 32 ነጥብ አለው፣ የክሊቭላንዱ ሌብሮን 27፤ በቃ ድሬይመንድ ይበልጣል» እያለ አላስቀምጥ ብሎሃል። ውርርድ እንዳለበት አልጻፍክም። ግን አለበት። ያለ ውርርድ በእኩለ ሌሊት የድሮ ጨዋታ ቁጥር የሚፈልግ ሰው አላውቅም።

እኔ በዚሁ ጨዋታ ምክንያት ለጠረጴዛው ሁሉ ክትፎ ከፍያለሁ። የሚገርመው ትክክል ሆኜ ነው የከፈልኩት። አንተን እንዳይደርስብህ የማውቀውን ልንገርህ።

1. ዓመቱን አስተካክል። «በ2008 የተደረገው» ብለህ ነው የጻፍከው። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነህ። ፍለጋ ላይ 2008 ካልክ ግን የሚመጣልህ የቦስተንና የሌከርስ ፍጻሜ ነው፤ ፖል ፒርስንና ኮቢን ስታይ ታድራለህ። 2016 በል። ቀኑም ያምታታል። እኛ አገር ጨዋታው የታየው ሰኔ 13 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በፈረንጅ ጁን 20። ኦክላንድ ግን ገና ጁን 19 ምሽት ነበር። የተመዘገበውም በእነሱ ቀን ነው።

2. ቁጥሩን ከምንጩ ውሰድ። የኤንቢኤ የራሱ ድረ ገጽ አለ፣ ባስኬትቦል ሪፈረንስ አለ። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁህም። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ግን እንደ ማስረጃ እንዳትቀበል። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ሰፈራችን ካፌ ውስጥ ነን። እኔ «ሌብሮን በዚያ ጨዋታ 27 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድ፣ 11 አሲስት፤ ትሪፕል ደብል ነው» አልኩ። (ሪባውንድ ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ፣ አሲስት ለሚያገባው ማቀበል፣ ትሪፕል ደብል ደግሞ በሦስት አምድ 10 ወይም ከዚያ በላይ መሥራት ነው።) ተከራካሪዬ «አሲስቱ 9 እንኳን አይሞላም፣ ምን ትሪፕል ደብል ታወራለህ» አለ። የካፌው ባለቤት ዳኛ ይሁን ተባለ። ሰውየው ስልኩን አወጣና ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የስፖርት ገጽ ከፈተ። ሌብሮን ዋንጫውን አቅፏል። ከላይ በትልቁ «ሰባተኛ ጨዋታ» ይላል። ከስር 29.7፣ 11.3፣ 8.9። «ይኸው፣ አሲስቱ 8.9» ብሎ ፈረደ።

ጋሼ፣ በአንድ ጨዋታ 8.9 አሲስት እንዴት ነው የሚሰጠው? ነጥብ ዘጠኟን ለማን አቀበላት? የሰባቱ ጨዋታዎች አማካይ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይስማኝ። ሳቁብኝ። ሂሳቡም መጣ። ማታውኑ ለገጹ በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው፤ በጨዋ ደንብ፣ ከነሊንኩ። መልሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ብሎክ! ልክ ሌብሮን በዚያ ጨዋታ የጎልደን ስቴቱን ኢጉዳላ ኳስ እንደመለሰበት። ፎቶው እንደተለጠፈ አለ፣ ሰዉም ሼር ያደርገዋል።

ስለዚህ አማካይና የአንድ ቀን ቁጥር እንዳይምታታብህ። ሌብሮን የፍጻሜው ኮከብ የተባለው በሙሉ ድምፅ ነው። በሰባቱ ጨዋታዎች ድምር ከሁለቱም ቡድን በነጥብ፣ በሪባውንድ፣ በአሲስት፣ በስቲል (ኳስ በመንጠቅ) እና በብሎክ (የተወረወረ ኳስ በመመለስ) አንደኛ ነበር። ይህ ግን የሲሪሱ ወሬ ነው። ጓደኛህ እየጠየቀህ ያለው ስለ አንድ ሌሊት ነው፤ የሲሪሱን ቁጥር ይዘህ ብትሄድ ያ ገጽ የሠራውን ነው የምትሠራው።

3. የነጥቡን አምድ ብቻ አትይ። የድሬይመንድን ሙሉውን አንብብ። 15 ሞክሮ 11 አገባ። ከሦስት ነጥብ 8 ሞክሮ 6። 15 ሪባውንድ፣ 9 አሲስት። ለትሪፕል ደብል አንድ አሲስት ነው የጎደለችው። እውነቱን ለመናገር የጓደኛህ ክርክር ባዶ አይደለም። ሌብሮን 24 ሞክሮ ያገባው 9 ነው፤ ለዓይን አያምርም። ግን ከድሬይመንድ 32 ነጥብ 22ቱ የገቡት በመጀመሪያው አጋማሽ መሆኑን ንገረው። ያኔ ጎልደን ስቴት 49 ለ 42 ይመራ ነበር። ከእረፍት በኋላ 10 ብቻ።

ከዚያ ወደ ጎልደን ስቴት ተኳሾች፣ ወደ ከሪና ክሌይ ውረድ። ከሪ ከሦስት ነጥብ 14 ሞክሮ 4፣ ክሌይ 10 ሞክሮ 2። ቡድኑ በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታ ያሸነፈው በእነዚህ እጆች ነው፣ በዚያች ሌሊት ግን ከድተውታል። ከዚያ ማንም የማያየውን የክሊቭላንዱን ኬቨን ላቭን ፈልገው። 9 ነጥብ። ታልፈዋለህ አይደል? 14 ሪባውንድ አለው፣ ፕላስ ማይነሱ (እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ በስንት እንደበለጠ) ደግሞ +19፤ ከሁሉም ይበልጣል። መጨረሻ ላይ ከሪን ፊት ለፊት ይዞ እግር በእግር የተከተለውም እሱ ነው። ለዚያ አምድ የለም።

እንዲያውም ቦክስ ስኮሩን (ይህን የቁጥር ሰንጠረዥ) ዘግተህ ፕሌይ ባይ ፕሌዩን (እያንዳንዱ ሙከራ በሰዓቱ የተጻፈበትን ዝርዝር) ክፈት። 4 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሲቀር 89 እኩል ይላል። ከዚያ በኋላ ጎልደን ስቴት አንዲት ነጥብ አላገባም! አውርደው በጣትህ እየተከተልክ። አንዱ ይስታል፣ ሌላው ይስታል። 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሲቀር ኢጉዳላ ሌይአፕ (ቀለበቱ ስር ለማግባት)፣ ሌብሮን ብሎክ። ከዚያች መስመር በፊት የክሊቭላንዱ ጄ አር ስሚዝ ኢጉዳላን ባያስቸግረው ሌብሮን አይደርስም ነበር፤ ስሙ ግን አልተጻፈም። 53 ሰከንድ ሲቀር የክሊቭላንዱ ካይሪ ከሪ ላይ ባለ ሦስት ነጥቡን አገባ። 10.6 ሰከንድ ሲቀር ሌብሮን ከሁለት ፍሪ ትሮው (የቅጣት ምት) አንዱን። አለቀ። በዚያ ሁሉ ደቂቃ የገባው 4 ነጥብ ነው። ያቺ ብሎክ ቦክስ ስኮሩ ላይ ከ«3» ውስጥ አንዷ ሆና ነው የተቀመጠችው።

ሌላ የድሮ ጨዋታ ካነሳችሁ ባዶ አምድ ዜሮ እንዳይመስልህ። ስቲልና ብሎክ በይፋ መቆጠር የጀመሩት በ1973-74 ነው። ባለ ሦስት ነጥቡም ወደ ኤንቢኤ የገባው በ1979-80 ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ከሌብሮን በፊት ትሪፕል ደብል የሠሩት ጄሪ ዌስት በ1969 እና ጄምስ ዎርዚ በ1988 ናቸው። ዌስት 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድ፣ 12 አሲስት ሠርቶ ሌከርስ በቦስተን 108 ለ 106 ተሸነፈ፤ የፍጻሜው ኮከብ ግን እሱው ተባለ። ጓደኛህ ይህን ካወቀ «የተሸነፈም ይበልጣል» ብሎ ይመጣብሃል። እኔ ብሆን ትሪፕል ደብሉን ከመጥራቴ በፊት መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚያውቅ አወጣጣዋለሁ።