ጥያቄና መልስ፦ የኩላሊት ሕመም ብርቅና አደገኛ መዘዞች (ከእጥበት ክፍል ነርስ ጋር፣ ባሕር ዳር)

ሲስተር፦ ሰላም ቤተሰብ። በኩላሊት እጥበት ክፍል ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ደም ግፊትና ደም ማነስ ባለፈው ተነጋግረናል፤ ዛሬ እምብዛም ስለማይታዩት፣ ከመጡ ግን ፋታ ስለማይሰጡት ጠይቁኝ። አስቀድሜ የምለው፦ የሕመም ማስታገሻዎቹን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። እጥበት አትዝለሉ።

የሽንብጥ ልጅ፦ ሲስተርዬ፣ አባቴ እጥበት ከጀመሩ 3 ዓመት ሆናቸው። ታፋቸው ላይ ቆዳው እንደ መረብ ወይን ጠጅ መልክ ያዘ፣ አሁን መሃሉ ጠቁሯል። አንሶላ ሲነካቸው ይጮኻሉ። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ በዳማከሴ እያሸ ነው።

ሲስተር፦ ማሸቱን አሁኑኑ አቁሙ። ሳላይ መፍረድ አልችልም፤ የምፈራው ግን ካልሲፊላክሲስ የሚባለውን ነው። ካልሲየም በቆዳና በስብ ውስጥ ባሉ ትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጋገራል፣ ሥሮቹ ይደፈናሉ፣ ቆዳው ደም አጥቶ ይሞታል። ምልክቱ ሕመሙ ነው፦ ቁስሉ ገና ትንሽ ሳለ ሕመሙ አያስተኛም። የሞተው ቆዳ ካመረቀዘ ጀርሙ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ዓመት አይሞላቸውም። ስለዚህ ነገ አትበል። ፎስፌት፣ ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን መታየት አለባቸው። ስኳር አለባቸው? የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ?

የሽንብጥ ልጅ፦ ስኳር የለም። ዋርፋሪን ለልባቸው ይወስዳሉ።

ሲስተር፦ ዋርፋሪን ይህን ሕመም ከሚያባብሱት አንዱ ነው። አንተ ግን እንዳታስቆም፤ ለልባቸው የታዘዘ ነው፣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ዛሬውኑ ውሰዳቸው።

ጊሽ፦ ኩላሊቴን ያመኛል፣ ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ የወገብ ሕመም ሁሉ ኩላሊት አይደለም። የኩላሊትን ሥራ በደም የሚያሳየውን ክሬያቲኒንና ሽንት ተመርመር። ዲክሎፌናክ አትውሰድ።

የዘጌዋ፦ እናቴ ደሴት ገዳም ገብታ 7 ቀን ጸበል ልትጠመቅ ትፈልጋለች። በሳምንት 2 ጊዜ ነው የምትታጠበው።

ሲስተር፦ እህቴ፣ መጠመቁን ማንም አይከለክላትም። ሁለት ነገር ግን አለ። ጸበሉም ውሃ ነው፤ የምትጠጣው ከቀኑ ልኳ ይቆጠር፤ ልኩም በቀን ከምትሸናው በግማሽ ሊትር ያህል ቢበልጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ሳንባዋ ላይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ እጥበት እንዳትዘል። እጥበት ሲዘለል ፖታሲየም በደም ይጠራቀማል፤ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ነው መሆን ያለበት፤ 6.5 ሲያልፍ ልብ ሳያስጠነቅቅ ሊቆም ይችላል። ከደሴት በሌሊት በጀልባ አይደረስም። በሁለት እጥበት መካከል ሄዳ ትመለስ፤ ለአባቶችም አስረዷቸው።

ቀበሌ 14፦ ሙዝ ይበላል ወይ?

ሲስተር፦ ከላይ ስለ ፖታሲየም ጻፍኩ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው።

ግዮን፦ አጎቴ ሲተኛ ደረቱን ይወጋዋል፣ ወደ ፊት ሲያዘነብል ይቀለዋል። ሁለት እጥበት ዘሏል።

ሲስተር፦ የልብ ሽፋን ብግነት ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ ልቡን ከከበበው ይገድለዋል። ድንገተኛ ክፍል፣ አሁን።

የቤዛዊት፦ የከተማው ውሃ ለእጥበት ደህና ነው ወይ? ጣና እንዲህ ሆኖ።

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አንድ እጥበት በደቂቃ ግማሽ ሊትር፣ በ4 ሰዓት 120 ሊትር ውሃ ይፈጃል። እኛ የምንጠጣው በአንጀትና በጉበት ያልፋል፤ የታማሚውን ደም ከዚያ ሁሉ ውሃ የሚለየው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ የአንድ ማዕከል ውሃ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ካለበት ግድብ መጣ፣ በቅጡም አልተጣራም። የአልጌው መርዝ ማይክሮሲስቲን ከመቶ በላይ ታማሚዎችን አሳመመ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ጉበታቸው ተበላሽቶ ሞቱ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ውሃ ማጥሪያ ላይ የሚጨመረው አሉሚኒየም አንጎል ውስጥ ተጠራቅሞ ታማሚዎች አንደበታቸው ይተሳሰር፣ ይንዘፈዘፉ ነበር። ጀርም ለመግደል ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎራሚን ደግሞ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ እሱን የሚይዘው የካርቦን ማጣሪያው ነው።

አባ ታንኳ፦ ሁሉንም ያመጣው እምቦጩ ነው!

የቤዛዊት፦ እምቦጭ መርዝ አይደለም። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ ነው ያበዛው።

አባ ታንኳ፦ አሳው የት ገባ ታዲያ? ደንገሉስ? አጎቴ ታንኳ የሚሠራበት አጣ።

የዘጌዋ፦ አሳውን የጨረሰው ጠባብ መረብ ነው።

ሲስተር፦ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ስለ ጣና እኔም ያመኛል፤ ሆኖም ወደ ኩላሊት ተመለሱ። እምቦጭና አልጌ ይለያያሉ፤ ማዳበሪያው ግን ሁለቱንም ይመግባል።

የቤዛዊት፦ ውሃው ቢፈላስ?

ሲስተር፦ ማይክሮሲስቲን በማፍላት አይጠፋም። የማዕከላችሁን ሠራተኛ ማጣሪያው መቼ እንደተመረመረ ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ታማሚ አብረው ካቅለሸለሻቸው ወይም ዓይናቸው ከደበዘዘ ዝም አትበሉ፣ እጥበቱ ይቁም በሉ።

ጊሽ፦ ሲስተር፣ ለኩላሊቴ መድኃኒቱን አልነገርሽኝም።

ሲስተር፦ ነግሬሃለሁ፤ ከላይ አንብብ።

ቀበሌ 14፦ ንቅለ ተከላስ?

ሲስተር፦ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይሠራል። ለጋሹ ዘመድ ነው። ዝርዝሩን ለባለሙያው ልተወው።

የሽንብጥ ልጅ፦ ሲስተርዬ፣ ካርድ አውጥተን ተራ እየጠበቅን ነው። ዳማከሴውን አቁመናል።

ሲስተር፦ ጎበዝ። ሐኪሙን ስለ ዋርፋሪኑ ራስህ ጠይቀው፣ ጉዳዩን ሳታነሳለት እንዳትወጣ። የፎስፌቱን ውጤት ስታገኝ ጻፍልኝ፤ ማታ ተረኛ ነኝ፣ አልተኛም።