የ2,005 ያርዱ ሂሳብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአሜሪካ ፉትቦል
(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ የምሠራውም ፓርኪንግ ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የማያልቅ ክርክር ይዘናል። ሴይኳን ባርክሊ ኒው ዮርክ ጃይንትስ እያለ እንደ ማንም ሯጭ ነበር፤ በ2024 ፊላደልፊያ ኢግልስ ገብቶ 2,005 ያርድ ሮጠ። ባልደረባዬ «ሰውዬው ያው ነው፤ የተቀየረው ከፊቱ የሚቆሙት ናቸው። በዚያ መስመር አንተም ብትሮጥ ሺህ ያርድ አታጣም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ዋናው ሯጩ ነው ባይ ነኝ። ምሳ ተወራርደናል። ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀን ቀን የሰው ታክስ ነው የምሠራው። ስለዚህ ክርክር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ደረሰኝ እጠይቃለሁ።

ባርክሊ በ2023 ለጃይንትስ 247 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጦ 962 ያርድ አመጣ። በአንድ ሩጫ 3.9 ያርድ መሆኑ ነው። በማግስቱ ዓመት ለኢግልስ 345 ጊዜ ሮጦ 2,005፤ በአንድ ሩጫ 5.8። ባልደረባዎ እዚህ ላይ ሲደርስ «አላልኩህም?» ሳይል አይቀርም። ይበል። ግን በአንድ ሰው ደረሰኝ ሂሳብ አይዘጋም፤ ከባርክሊ በፊት ከዚያው መስመር ጀርባ የሮጡትንም ማየት አለብን። በ2022 ማይልስ ሳንደርስ 1,269 ያርድ ሮጠ፣ በአንድ ሩጫ 4.9። በ2023 ዲአንድሬ ስዊፍት 1,049፣ በአንድ ሩጫ 4.6። ሳንደርስ በበኩሉ በ2023 ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ካሮላይና ፓንተርስ ሄደና 432 ያርድ፣ በአንድ ሩጫ 3.3 ይዞ ቀረ። ይህቺን ባልደረባዎ አያውቃት ይሆናል፤ ካወቃት ጠረጴዛ ይደበድብባታል።

አሁን ካልኩሌተርዎን ያውጡ። የስዊፍትን 4.6 በባርክሊ 345 ሩጫ ሲያባዙት 1,587 ይመጣል። የሳንደርስን 4.9 ከወሰዱ 1,690 ገደማ። ደህና ሯጭ ግን ባርክሊ ያልሆነ ሰው፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ኳሱ ቢሰጠው፣ ከዚያ መስመር ጀርባ 1,600 አካባቢ ይደርስ ነበር ማለት ነው። የተረፈው ከ300 እስከ 400 ያርድ የባርክሊ የግል ንብረት ነው። ይህም ቢሆን ለመስመሩ ያደላ ስሌት ነው፤ ሳንደርስና ስዊፍት ሲሮጡ መሃል ላይ ሴንተር የነበረው ጄሰን ኬልሲ ባርክሊ ሳይመጣ ጡረታ ወጥቷልና። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሷን ወርዋሪውን፣ ጃለን ኸርትስንም አይርሱ። እሱ ራሱ ኳሱን ይዞ መሮጥ ስለሚችል ከተከላካዮቹ አንዱ ሁልጊዜ እሱን ሲጠብቅ ይውላል፤ ያ አንድ ሰው ለባርክሊ በነፃ የተቀነሰ ነው።

ቁጥሩ ይህን ያህል ይናገራል። የቀረውን ሜዳው ዳር ቆሞ ማየት ይሻላል። አርብ ማታ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታ 10 ያርዷ የምትለካበትን ሰንሰለት ከሚይዙት አንዱ እኔ ነኝ። ቴሌቪዥን ኳሷን ይከተላል። ሰንሰለት ያዥ ግን ኳሷ ከመሬት ከተነሳችበት መስመር ትይዩ ስለሚቆም ፊት ለፊቱ የሚያየው ግፊያውን ነው። መሃል ላይ ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ውጪ ሁለት ታክሎች። አምስት ሰው። ከላይ ሲታይ ዝም ብሎ መገፋፋት ይመስላል፤ ግን ለምሳሌ ሴንተሩና ጋርዱ ከፊታቸው ያለውን አንድ ግዙፍ ተከላካይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲገፉት ዓይናቸው እሱ ላይ አይደለም። ከእሱ ጀርባ የቆመው ላይንባከር ላይ ነው። ላይንባከሩ በቀኝ በኩል ከመጣ የቀኙ፣ በግራ ከመጣ የግራው ከግፊያው ተላቆ ሊቀበለው ይሄዳል። ቀድሞ ከተላቀቀ ግዙፉ ያመልጣል፤ ከዘገየ ላይንባከሩ ሯጩን ገና ሳይንቀሳቀስ ያንቀዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ከተሳሳተ የአራቱ ድካም ሜዳ ላይ ፈሶ ይቀራል።

ሯጩስ? የእሱ ጥበብ፣ ብዙ ሰው ባያምነኝም፣ መጀመሪያ ላይ አለመፍጠን ነው። ኳሷን እንደተቀበለ በሙሉ ኃይሉ ከሮጠ ከራሱ ጋርድ ጀርባ ጋር ይላተማል። ሁለት እርምጃ ቀስ ብሎ፣ ላይንባከሩ አንዱን ክፍተት መርጦ እስኪገባ ጠብቆ፣ ከዚያ እግሩን ተክሎ በሌላው መውጣት ነው። ዴንቨር ብሮንኮስ በመስመር አሰልጣኙ በአሌክስ ጊብስ ዘመን ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አቅጣጫ ቀይሮ የመሮጥ ስልት አምልኮ አድርገውት ነበር። ቴሬል ዴቪስ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ምርጫ በስድስተኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ሲሆን በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ። በ1999 ጉልበቱ ተጎድቶ ሲቀመጥ ኦላንዲስ ጌሪ የሚባል አዲስ ልጅ ገብቶ 1,159 አመጣ። በ2000 ደግሞ ሌላ አዲስ፣ ማይክ አንደርሰን፣ 1,487። ባልደረባዎ ይህንንም ይመዝገብልኝ ሊል ይችላል።

ለእርስዎ የሚጠቅመው የ1993ቱ የዳላስ ካውቦይስ ነገር ነው። መስመራቸው በሊጉ አሉ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ኤሚት ስሚዝ በደመወዝ ተኳርፎ ሳይፈርም ቀረና ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያውን እዚሁ ዋሽንግተን መጥተው 35 ለ16 ተሸነፉ። ሁለተኛውን በቡፋሎ ቢልስ 13 ለ10 ተሸነፉ። የቡድኑ ባለቤት ፈጥኖ ፈረመለት። ስሚዝ ተመልሶ፣ ሁለት ጨዋታ ቀርቶበትም፣ 1,486 ያርድ ሮጦ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ቡድኑም ሱፐር ቦውሉን፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ በላ። መስመሩ ያው መስመር ነበር እኮ!

መስመሩ የት አልቆ ሯጩ የት እንደሚጀምር በአንድ ሩጫ ማየት ከፈለጉ ጥር 30 ቀን 1983 ሱፐር ቦውል ላይ ጆን ሪጊንስ የሮጠውን ፈልገው ይመልከቱ። ዋሽንግተን በማያሚ ዶልፊንስ 17 ለ13 እየተመራ ነው፤ አራተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ዕድሎች የመጨረሻው)፣ የሚቀረው አንድ ያርድ። መስመሩ በግራ በኩል ሁሉንም ጠረገ፤ ያ የእነሱ ድርሻ ነው። አንድ ሰው ቀረ፤ ዶን ማክኒል። ማክኒልን የሚገፋ የመስመር ልጅ የለም። ሪጊንስ ማልያውን የያዘውን ሰው በጉልበቱ ጥሎት 43 ያርድ ሄደ። ባርክሊም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገም፤ ያ የመጨረሻው አንድ ሰው ደጋግሞ ስላልቻለው ነው ሩጫዎቹ 60 እና 70 ያርድ የሆኑት። በኅዳር 2024 ሎስ አንጀለስ ራምስ ላይ በአንድ ጨዋታ 255 ያርድ ሲሮጥ ሁለቱ ሩጫዎች ብቻ 70 እና 72 ነበሩ።

ፍርዱ እንግዲህ፦ ከ2,005ቱ አራት አምስተኛው የመስመሩ፣ አንድ አምስተኛው የባርክሊ። ስለዚህ ከምሳው አራት አምስተኛውን እርስዎ ይክፈሉ፤ ቀሪውን እሱ። «አንተም ሺህ አታጣም» ላለው ግን ቡናውን ለብቻው ይጨምር። እርስዎን አንድ ጊዜ እንኳ ቢመቱዎት ፓርኪንጉን የሚከፍት ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ እናት ነኝ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው፤ ቁመቱም ኪሎውም ከእኩዮቹ በላይ ነው። አሰልጣኙ ጋርድ አደረገው። አንድ ጨዋታ አልቀርም፤ ልጄ ኳስ ሲነካ ግን አይቼ አላውቅም። በማይክራፎን የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። አባቱ «የሰው ልጅ ሲሮጥ የእኔ ልጅ ሲጋፋ ለማየት አልመጣም» ብሎ ቀርቷል። ቦታ እንዲቀይሩለት ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጠይቁ። ሕጉ ራሱ እኮ አምስቱን የመስመር ልጆች ወደፊት የተወረወረ ኳስ እንዳይቀበሉ ይከለክላቸዋል። ልጅዎ ኳስ አለመንካቱ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ጋርድ ከሁሉም የሚያምር ሥራ ያለው ሰው ነው ባይ ነኝ። አንዳንድ ሩጫ ላይ ፊቱ ያለውን ትቶ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይወጣል፣ ከሴንተሩ ጀርባ አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሮጣል፣ እዚያ የመጀመሪያ ያገኘውን ይጠርጋል፤ ሯጩ ይከተለዋል። በጥምቀት ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ ታቦቱ ፊት የሚያነጥፉትን ልጆች ያስታውሷቸው፤ ሁሉም ዓይን ታቦቱ ላይ ነው፣ እነሱ ካልደረሱ ግን ጉዞው ይቆማል።

እዚሁ ከተማችን በ1982 የዋሽንግተን ቡድን የመስመር አሰልጣኝ ጆ ቡጀል ልጆቹን «አሳማዎች» ብሎ ሰየማቸው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ መጥራት ሽማግሌ የሚያስልክ ጠብ ያመጣል፤ እነሱ ግን ኮሩበት። ጎልማሳ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ የአሳማ አፍንጫ ገጥመው አርኤፍኬ ስታዲየም ይመጡ ነበር፤ ለሯጩ ሳይሆን ለገፊዎቹ ሲሉ። ከእነሱ አንዱ ጆ ጃኮቢ ማንም ቡድን ሳይመርጠው በ1981 የመጣ ነው። ጋርዱ ረስ ግሪም በ2010 የዝና አዳራሽ ገባ። በጥር 1988 ሱፐር ቦውል ደግሞ ቲሚ ስሚዝ የሚባል፣ በመደበኛው ውድድር በሙሉ 126 ያርድ ብቻ የሮጠ አዲስ ልጅ፣ ከእነሱ ጀርባ በአንድ ቀን 204 ያርድ ሮጠ። የሱፐር ቦውል ሪከርድ ነው፤ እስካሁን አልተሰበረም። ልጁ ከዚያ በኋላ እምብዛም አልተሰማለትም። ለአባቱ ይህን ይንገሩልኝ። ዘግይቶ ጀመረ ብለው የሚሰጉም ከሆነ፣ የኢግልሱ ግራ ታክል ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ ራግቢ መጥቶ በ2018 ሲመረጥ አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም ነበር።

አመለካከትዎን ግን ይቀይሩ፤ ማለቴ ሜዳው ላይ የሚያዩበትን። ኳሷ ስትነሳ ኳሷን አይከተሉ። የልጅዎን ቁጥር ይያዙ። የመጀመሪያ እርምጃው አጭርና ፈጣን ነው ወይ? ከፊቱ የነበረው ልጅ ጨዋታው ሲቆም ከነበረበት ተነቃንቋል ወይ? እጆቹስ ከተቃራኒው ደረት ላይ ናቸው ወይስ ትከሻውን አቅፈዋል? ማይክራፎኑ የሚጠራው በመጨረሻው ነው፤ ይዞ ማስቀረት 10 ያርድ ያስቀጣል፣ ሯጩ ያመጣውንም ይበላል። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚስተካከል ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ኪሎ ጨምር» ካሉት ያለ ሐኪም አይስማሙ። ጭንቅላቱን ከተመታና ካዞረው ደግሞ ያን ቀን ተመልሶ አይገባም፤ አሰልጣኙ ቢለምን፣ ልጁ ቢያለቅስ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ነኝ። ሱፐር ቦውልን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሬ አያለሁ። ኳሷን 40 ያርድ መወርወር እየቻሉ ሁለት ያርድ ለማግኘት መሃል ገብተው ይጋፋሉ። ሞኝነት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። 10 ያርድ ለመሄድ አራት ዕድል አለህ፤ ሦስት ዕድል ላይ አራት አራት ያርድ የሚያመጣ ቡድን ኳሷን አይለቅም። ያልተያዘ ውርወራ ሰዓቱን ያቆመዋል፤ ሜዳ ውስጥ የቆመ ሩጫ ግን ሰዓቱ እንዲቆጥር ያደርጋል፣ ስለዚህ እየመራህ ከሆነ ጨዋታውን ትበላዋለህ። ከሁሉ በላይ ግን ሩጫ የሚያስፈራው ሳይሳካም ነው። በየካቲት 2025ቱ ሱፐር ቦውል ካንሳስ ሲቲ የኢግልሱን ሯጭ ባርክሊን ለማቆም መጥተው አቆሙት፤ 25 ሩጫ፣ 57 ያርድ፣ በአንድ ሩጫ ከሁለት ያርድ ብዙም አይበልጥም። አንተም ያን ሌሊት ተበሳጭተህ ይሆናል። ነገር ግን እሱን ለማቆም ወደ መሃል የተሰበሰቡት ሰዎች ከኋላ ጎድለው ነበርና ኸርትስ በላያቸው ወረወረ፤ ኢግልስ 40 ለ22 አሸነፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ያርድ ሲጋፉ ስታይ ቡና ልታፈላ አትነሳ፤ የሩጫ አስመስለው የሚወረውሩት ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀጥሎ ነው።